የጀልባው ፊልም ዘንድሮም አልቀረም

ለውዷ የልጅ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ደህና ነሽ ወይ? ነርስ ሆነሽ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ስለምትውዪ እግርሽን ለብቻው ሳልጠይቅ አላልፍም። ያ ዝምተኛ ባልሽስ መናገር ጀመረ ወይስ አሁንም ለሰላምታ አንገቱን ብቻ ነው የሚነቀንቀው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አያትሽን ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷን ግን አንድ ቀን አሟት አያውቅም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ድል አድርጌ ነውና ተቀምጠሽ አንብቢው። ሲኒማ ቤታችን በየዓመቱ ለበዓል የሚያሳየውን የጀልባውን ፊልም መቼም አትረሺውም። ልጅ ሳለሽ “ሁለት ሰዎች ውሃ ላይ ተቀምጠው ዝም የሚባባሉበት” ብለሽ የሰደብሽው ነው። ይቅር ብዬሻለሁ፤ መርሳቱን ግን ገና አልጀመርኩም።

ፊልሙ ላይ ቀዛፊው አስተማሪዋን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቷ፣ ማታ ወደ ቤቷ ያሻግራታል። ከዚያ ወንዙ ላይ ድልድይ ይሠራል። ድልድዩ የሚመረቀው በበዓል ቀን ነው፤ ሰው ሁሉ በእግሩ እየተሻገረ ሲጨፍር እሷ ቁልቁለቱን ወርዳ ጀልባው ውስጥ ቁጭ ትላለች። እኔ ሠላሳ ዓመት በር ላይ ቲኬት እየቆረጥኩ፣ ቆሜ አይቼው፣ ነገሩ የገባኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። በዓል ነው እኮ፤ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ወዲያ ማዶ አንድም ጉዳይ የላትም። ያለ ጉዳይ ነው የመጣችው። ፍቅር ማለት ለእኔ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ ፊልም ካለ አምጪና እንከራከር።

ዘንድሮ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ከቅጥነቱ የተነሳ “ክብሪት” ብለነዋል። አምና ፊልሙን ያየው አሥራ ዘጠኝ ሰው ነው፤ ከእነሱም አያትሽ አንቀላፍታ ነበር። ክብሪት ጠርቶኝ፣ ዘንድሮ አዳራሹ ካልሞላ ፊልሙ ከናካቴው ይቀራል አለኝ።

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄድኩ። ጢሜን እያስላጨሁ፣ ለማንም እንዳትናገር፣ የዘንድሮው ቅጂ መጨረሻው ሌላ ነው፤ አስተማሪዋ ጀልባውን ትታ በድልድዩ ትሄዳለች አልኩት። ለዚያ ሰው ለማንም አትናገር ማለት ጥሩምባ እንደመስጠት ነው። ግማሽ ጢሜን በአረፋ እንደተወው ወጥቶ ለአላፊ አግዳሚው ሲያወራ ሰማሁት።

በሦስተኛው ቀን ወሬው አድጎ ተመለሰልኝ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን መርፌዋን እንደያዘች መጥታ፣ “ጋሼ፣ ያችን ልጅ ለድልድዩ መሐንዲስ ዳሯት አሉ፤ እርስዎ ቆመው እያዩ?” ብላ አፈጠጠችብኝ። እኔ መሐንዲስ የሚባል አላነሳሁም። ዳቦ ጋጋሪውም ያንኑ መሐንዲስ ከነመኪናው ነገረኝ። ያኔ እኔም ተጠራጠርኩ። እውነት ሌላ ቅጂ መጥቶ ቢሆንስ? ሳቂ እንግዲህ፤ አያትሽ የገዛ ውሸቱን አመነ።

የበዓሉ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወንበር ያጡት ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ ገና ፊልሙ ሳይጀምር፣ በድልድዩ ከሄደች ማናችንም ከዚህ አንነሳም እያለች ሰዉን ታሳድማለች። ድልድዩ ሲመረቅ ደረጃው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ተነስተው ቆሙ። አስተማሪዋ ጃንጥላዋን ይዛ ድልድዩ አፍ ላይ ደረሰችና ቆመች። ሠላሳ ዓመት እዚያው ስትቆም አይቻታለሁ፤ እንዲህ ግን ረዝሞብኝ አያውቅም። የአያትሽን እጅ ጨምድጄ ያዝኩ። ዞር ብላ ቁልቁለቱን ስትጀምር፣ ልጄ፣ ጣሪያው የተነሳ መሰለኝ። ፀጉር አስተካካዩ እያለቀሰ አቀፈኝ። ልብስ ሰፊዋ ወንበር ላይ ወጥታ አጨበጨበች። መብራት ሲበራ ክብሪትን መነጽሩን ሲጠርግ ያዝኩት፤ አቧራ ገብቶብኝ ነው አለኝ። አዎ፣ አቧራማ ፊልም ነው አልኩት። ሳንወጣ በገዛ እጁ “ለሚመጣው ዓመት በዓልም ይታያል” የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ።

ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤት ስንመለስ አያትሽ፣ እጄን ልትሰብረው ነበር እኮ አለችኝ። የመሐንዲሱ ነገር እውነት መስሎኝ ፈርቼ ነው አልኳት። አጥር ተደግፋ፣ ጉልበቷን ረስታ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ለካ የፀጉር አስተካካዩ ሚስት በመጀመሪያው ቀን ሚስጥሩን ነግራት፣ የማን ሥራ እንደሆነ ወዲያው ገብቷታል። “ውሸትህ ጨው አንሶት ነበር፤ መሐንዲሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ መኪናውንም” አለችኝ። አርባ ስምንት ዓመት ያወቅኳት መስሎኝ ነበር። ድሉ የማን ነው እያልን እስካሁን እየተከራከርን ነው። የሁለታችንም ልጅ መሆንሽን ለጊዜው እርሺና ለእኔ ፍረጂልኝ።

ለባልሽ ሰላም በይልኝ፤ ቀዛፊው ዝም ያለው ፊልም ላይ ስለሆነ ነው፣ እሱ ይናገር። ትንሿን ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አንዱ የእኔ ነው፣ ሌላውም የእኔ ነው። ለአማትሽ እጅ ነስቷል በያት። እናትሽ ሹራብሽን ልበሺ ትልሻለች። አጎትሽም ሰላም ብሎሻል። አያትሽ ሰላምታዋን ራሷ ትጽፋለች፤ ውሸት ትጨምርበታለህ ብላ አላመነችኝም።

የሚናፍቅሽ አያትሽ፣ የድሮው ቲኬት ቆራጭ

ከቤታችን ደጃፍ፣ ፀሐይ ከሚገባበት በኩል
በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን