ለስቅለት የተጠየቀው መርፌ

ባሕር ዳር፣ መጋቢት ፳፬ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት እናቴ፣ ደልጊ።

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? ሁለቱንም ከሐይቁ ማዶ ሆኜ ስሜያለሁ። እኔ ከፋብሪካው የጥጥ ብናኝ በቀር ምንም አልሆንሁም፤ ተመስገን።

የላኩት መልእክት ደርሶኛል። ለስቅለት ዋዜማ መጥቼ ባለፈው ጉልበቴን የተወጋሁትን ያንኑ መርፌ ልወጋና፣ ልጄ ሣህሉ ከዘመተበት በደህና እንዲመለስ ቀኑን ሙሉ ልስገድ ብለዋል። እምዬ፣ ይህ አይሆንም! ቃል ከአፍዎ ከወጣ እንደማይመለሱ አውቃለሁ፤ እኔም የእርስዎ ልጅ ነኝና አልመለስም።

ሆስፒታል ሄጄ ሐኪሙን ጠይቄያለሁ። በአንዱ መርፌ የሚቀላቀሉት ሁለት መድኃኒቶች ናቸው አለኝ። አንደኛው ማደንዘዣ ነው፤ ሕመሙን ወዲያው ያጠፋል፣ ግን ሳይመሽ ይለቃል። ሁለተኛው እብጠቱን ቀስ እያለ ያበርዳል፤ እሱም ዕረፍት ይፈልጋል። ያለቀውን የጉልበት መገጣጠሚያ የሚመልስ ግን አንዳቸውም አይደሉም። የደነዘዘ ጉልበት ሲጎዳ ስለማይሰማዎት፣ ሰግደውበት ሲነቃ መራመድም ሊቀርብዎት ይችላል አለ። ባለፈው ተአምር ተደረገልኝ ብለው ምርኩዝዎን ጀልባው ላይ ጥለው ወረዱ፤ በሳምንቱ ጎረቤት ደግፎ አልነበር ከደጅ ያወጣዎት?

ስወጣ ከሣህሉ ጋር የዘመተውን አምባቸውን በር ላይ አገኘሁት። እጁ ተጠቅልሏል። ሣህሉስ ስለው፣ መሬት መሬት እያየ እናትሽ እንዴት ናቸው ብሎ መልሶ እኔን ጠየቀኝ። ደጋግሜ ጠየቅሁት። ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድልኝም፤ ጾሙ ጠንቶብኝ ይሆናል።

እለምንዎታለሁ፣ አይስገዱ። መምሬ ወልደ ዮሐንስም ለታመመ ስግደት የለበትም ብለውዎታል። ተቀምጠው ይጸልዩ። የሣህሉን ስግደት ለእኔ ይተዉልኝ። ፈርቻለሁ፣ እምዬ። እርስዎም ከእጄ እንዳይወጡ ፈርቻለሁ።

ፋሲካን ደስ ብሎዎት ይዋሉ፤ ዶሮዋን ለእኔ ብለው አያቆዩ። ለበዓሉ ማግሥት ሌሊት አክስቴ እርስዎ ዘንድ ታድራለች። እኔ፣ አጎቴና መምሬ ጎሕ ሲቀድ እንመጣለን። የትም እንዳይወጡ፣ ቤት ይጠብቁን።

እመብርሃን ከአጠገብዎ አትለይ። እግዚአብሔር ጽናቱን ይስጥዎት።

ያለሁልዎት ልጅዎ