ማሬ ውስጥ ያገኘሁት ቢጫ አበባ

ዝላትካ፣

ድመቷ በልታለች። ብታለቅስብሽ እንዳታምኛት።

በእንዮ ቀን፣ መድኃኒት ቅጠል በሚለቀምበት በዓል፣ ጎህ ሳይቀድ የለቀምሽውን ቢጫ አበባ የማር ጠርሙሴ ውስጥ አገኘሁት። ጤዛው ሳይረግፍ ከተለቀመ የማያድነው በሽታ የለም እንደምትዪ አውቃለሁ። ሐኪሜ ጋ ስደውል ግን "ከድብርት ክኒንሽ ጋር አደገኛ ነው፤ ጠርሙሱን ይዘሽ አሁኑኑ ነይ" አለችኝ፤ ወደሷ እየሄድኩ ነው። ለካ እጄን የሚያንቀጠቅጠኝ እሱ ኖሯል።

ባለፈው "ከክኒኑ ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?" ስትለኝ "ኧረ ምንም" ብያት ነበር።

አልተናደድኩም። መናደዱም አልመጣልኝ አለ።

እናትሽ ደውላ "ክኒኑ ይቅርባት" ካለች አንቺው መልሺላት።

ለኔ ብለሽ በዚያ ብርድ ዳገት መውጣትሽ ጠፍቶኝ አይደለም። ብትነግሪኝ ግን…

ይሁን። ስለ ካሞሚል ሻይም ሐኪሟን እጠይቃታለሁ። ከፈቀደች አንቺ ታፈዪልኛለሽ፤ እኔ አጠገብሽ ቆሜ እያየሁ።

ኔቬና