ገብቶ የማይዞር ቁልፍ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? በየጠዋቱ በጸሎቴ አነሣሻለሁ፤ በልብ ስለሆነ ስምሽ አይጠፋኝም። ደም ጭንቅላቴ ውስጥ ፈሶ ከወደቅኩ ወዲህ እጄም እግሬም ተመልሶልኛል፤ ሱቅ ገብቼ ቁልፍ መቅረጽ ጀምሬያለሁ። ያልተመለሰው ምላሴ ነው። «አባዬ ስልክ አላነሣ አለኝ» ብለሽ መቀየምሽን አጎትሽ ነገረኝ። ደክሞታል ያለሽ ውሸቱን ነው። እውነቱን በብዕር ልንገርሽ፤ እጄ እንደ አፌ አይከዳኝም።

የንግግር ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ ሰው አንድ ቃል ሲፈልግ በድምፅ የሚመስሉት ሁሉ አብረው ይነቃሉ። ጤነኛ ሰው ትክክለኛውን ይዞ ሌላውን ያስቀራል፤ እኔ ዘንድ ግን የቀደመው ይወጣል። ከሙያችን ታውቂዋለሽ፤ ጭራሽ የማይመስል ቁልፍ ከደጅ ይመለሳል። የሚመስለው ነው እስከ አንገቱ ገብቶ፣ አልዞርም ብሎ፣ የትክክለኛውን ቦታ የሚይዘው።

ሱቅ አብሮኝ የሚውለው አጎትሽ ይህችን ስሕተቴን ገበያ መሳቢያ አደረጋት። አንድ ቀን ሞረድ አቀብለኝ ልለው ገረድ አልኩ፤ ደንበኞች ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሰበሰብ ሞረዱን ከፍ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይቺን ምን ነበር የምንላት?» ይለኛል። አፌ ገረድ ይላል። ሚስቱ ከሞተች ቆየች፣ ምን ያድርግ፣ ይላል አንዱ። በእናትሽ ሞት ነው የሚስቁት። በጥርሳቸው መሃል የቀረው ምግብ ይታየኛል። አጎትሽ እንባውን እየጠረገ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጋል። የሚወደኝ ይመስለኛል፤ ከሁሉ የሚያስጠላኝ እሱ ነው።

ግን ልጄ፣ የባሰም አለ። ቅዳሜ ሞረዱን ሲያነሣ ቃሉ መጣልኝ። ሞረድ፤ ሙሉውን፣ ምላሴ ላይ ቁጭ ብሎ። አንድ ሰውዬ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። አየሁትና «ገረድ» አልኩ። አውቄ። እንዳያፍር ይሁን፣ እንዲወደኝ፣ እንጃ። ጓዳ ገብቼ አፌን በሳሙና አጠብኩ፤ ሳሙናው ከራሴ ይልቅ ጣመኝ። እስከዚያ ድረስ የሳተው ሕመሜ ነበር። የቅዳሜው እኔ ነኝ።

የዚያን ዕለት ለጸሎት ስቆም በቃሌ የያዝኩት እንደ ውሃ ወረደ፤ አፌ ሳያስብ ያውቀዋላ። በራሴ ቃል ይቅርታ ልለምን ስል ግን ተንተባተብኩ። የተሰማልኝ የተንተባተብኩት ይመስለኛል።

ትናንት አጎትሽ ሞረዱን ሲያነሣ ከእጁ ወሰድኩና «በቃ» አልኩት። ለዚህች ቃል ተሻሚ አልመጣባትም። በጨዋታ ነው እኮ ብሎ አኮረፈ፤ ዛሬ ሰላምታ የለንም።

አሁን ወደ ስልኩ። ስምሽን ስናወጣ ከእናትሽ ስም ጋር ቤት እንዲመታ ብለን ነበር፤ የምትለያዩት በመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ነው። አንቺን ልጠራ ስል እሷ ትቀድማለች። ባለፈው ስልኩን ያነሣሁልሽ ቀን መስመሩ አልተቋረጠም፤ ስሟ ከአፌ ሲወጣብኝ የዘጋሁት እኔ ነኝ። እሑድ ደውይ። ሐኪሟ እንደምታደርገው የስምሽን መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ስጪኝና ዝም በይ፤ አትሙይልኝ። ድንገት እናትሽን ብጠራ ደግሞ፣ እባክሽ፣ አቤት በይልኝ። ከቀበርናት ወዲህ ስሟን ድምፅ አውጥቼ የጠራሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፈጣሪ አንደበትሽን ከልብሽ አይለይብሽ።

አባትሽ