መርዶሽን የሰማሽበት ተራራ

ልጄ ማስተዋል፣ እመብርሃን በሄድሽበት ትቅደምልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሰቆጣ ዘንድሮም ዝናቡ ዘግይቷል፤ ላሚቱን ጋዝጊብላ ላለችው አክስትሽ ሰጠኋት።

አባትሽን ቀብረን ስንመለስ ዘመድ ሁሉ «በስልክ አይነገራትም» አለ፤ እኔም ተስማማሁ። መርዶ በማለዳ፣ ደግፎ በሚይዝ ሰው መሀል ነው የሚነገር። እዚያ ዌልስ የሚያረዳሽ ያገር ሰው ስናፈላልግ፣ አንቺ ከምትሠሪበት ተራራ ጫፍ እየሳቅሽ ፎቶ ላክሽልኝ። እግርሽ ረግረግ ውስጥ ገብቷል። ለቅሶ የተቀመጠችው ጎረቤታችን ምስራቅ አይታ፣ «እኛ ሸለቆ ወርደን የምናጣውን ውሃ የነሱ ተራራ አናቱ ላይ አስተኝቶታል!» አለች።

በማግስቱ ያጎትሽ ልጅ ጸሐዩ የአባትሽን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ኔትወርክ የምታገኚው ጫፉ ላይ ብቻ ነውና እዚያው ቆመሽ አየሽው። ነፋስ እንጂ ክንድሽን የሚይዝ ሰው አልነበረም። ያን ተራራ ጠላሁት። ጸሐዩንም «ደጄን እንዳትረግጥ» ብየዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ «ደበቅሽኝ» ብለሽ መደወል ተውሽ። የደበቅሁሽ የሚያቅፍሽ ሰው እስካገኝልሽ ነበር። እንደገና ቢሆንም መርዶሽን በስልክ አልነግርሽም። አባትሽን አፈር ወሰደው፤ አንቺን ደግሞ ኩርፊያ ይውሰድብኝ?

እባክሽ ልጄ፣ አንዷን የሥራ ጓደኛሽን ይዘሽ ወደ ጫፉ ውጪና ደውይልኝ። ቋንቋችንን ባታውቅም እጅሽን ትያዝሽ። ያለ አንቺ ያለቀስሁት አልወጣልኝም፤ አብረን እናልቅስለት።

የአባትሽ አምላክ ከብርዱም ከብቸኝነቱም ይሰውርሽ።

እናትሽ ጥሩአየሁ