ጥዱ ሥር ለጠበቅኸኝ

አያ ፈንቴ፣ ወንድሜ፤

መብረቅ ከነጠቀህ አሥራ አንድ ወር ሆነ። ዛሬም ከጎንደር፣ ከቁስቋም ሆኜ ሳይ ወደ ቤታችን፣ ወደ ኮሶዬ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። አባዬ ይህን ጊዜ ሜዳው ላይ ብቻውን እያረሰ ነው። እማዬ መብረቁን የሳበው ስልክህ ነው ብላ ስለምታምን፣ ደመና ባየች ቁጥር የአባዬን ስልክ አጥፍታ እህል ጎታ ውስጥ ትከተዋለች።

ለትምህርት ጎንደር ቤት ተከራይቼ የገባሁ ሰሞን የተነጋገርነውን ታስታውሳለህ? ቤታችን ኔትወርክ የለም፤ የሚይዘው ከሜዳው መሀል ብቻውን የቆመው ጥድ ሥር ነው። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚያ ትጠብቀኛለህ፣ እኔ እደውላለሁ ተባባልን። ቦታውንም ሰዓቱንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። ገና ስታነሣው ነበር የምትስቀው። በሶው አለቀብኝ ስልህ፣ ከተሜው፣ ጎንደርን በሙሉ ትጋብዛለህ እንዴ ትለኝ ነበር።

የዚያን ቀን የመጨረሻውን ፈተና ጨረስንና ከጓደኞቼ ጋር ፒያሳ ኳስ ለማየት ወረድኩ። ሰዓቱ ሲደርስ ትዝ ብሎኛል። ነገ እደውላለሁ አልኩ።

ጎረቤታችን አያ ዓለሙ በለቅሶው ቀን ወደ ጎን ወስዶ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ዝናቡ ሲጀምር ከብቶቹን እየነዳ በአጠገብህ ሲያልፍ፣ እንግባ እንጂ ምነው ቆምክ ብሎህ ነበር። አንተ ግን፣ ወንድሜ ይደውላል፣ ትንሽ ልጠብቀው አልከው።

ከቀብርህ በኋላ እማዬ፣ የዚያን ቀን ደውለህለት ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልደወልኩም አልኳት። እውነቴን ነው። አንገቴን አቅፋ፣ እንኳንም አልደወልክ፣ አንተስ እጅህ የለበትም እያለች አለቀሰች።

ዘንድሮ የፊዚክስ መምህራችን ስልክ መብረቅ እንደማይስብ፣ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር መቆም ግን ሞት እንደሆነ አስተማሩን። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። እኔ አልጻፍኩም።

ለፋሲካ ቤት የገባሁት ለእማዬ ሁሉን ልነግራት ቆርጬ ነበር። ሊያጽናኗት ለመጡ ሴቶች፣ ታናሹ እንኳንም አልደወለ፣ ያ ነው ያጽናናኝ ስትል ሰማኋት። ሳልነግራት ተመለስኩ። ለሐምሌ ዕረፍት ስገባም የምነግራት አይመስለኝም።

ይቅር በለኝ። ሰው ሁሉ በዝናብ መሀል መብረቅ መታው ነው የሚለው። እኔ ግን እኔን ስትጠብቅ እንደሞትክ በሕይወት እስካለሁ አልረሳም። አያ ዓለሙ አርጅቷል፤ እሱም ሲሄድ ይህን የማውቅልህ እኔ ብቻ እሆናለሁ።

ታናሽህ