መገንጠያው ላይ ስላልተጠበቁት አቶ ኦሪያኖ ዛቫሊ

የሳን ቶሜ የጣሊያን ሞተር ብስክሌት ባለቤቶች ማኅበር፣ መሥራች አባሉ አቶ ኦሪያኖ ዛቫሊ ባለፈው እሁድ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለአባላቱና ለአካባቢው ሕዝብ የሚያሳውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። በቁጣም ነው። ቁጣውን ከመግለጫው እንድናወጣ የጠየቁን አባላት ነበሩ፤ አላወጣነውም።

አቶ ኦሪያኖ ፋየንዛ ከተማ ተወልደው፣ ጡረታ እስከወጡበት ጊዜ ድረስ በሸክላ ፋብሪካ የእቶን ኃላፊ ሆነው አገልግለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1979 ከጥቂት ወዳጆቻቸው ጋር የእሁዱን ጉዞ ጀመሩ። ምዝገባ የለው፣ አለቃ የለው፤ ሞተሩ እሺ ብሎ የተነሣለት ሁሉ ይመጣል፣ ተራራው አናት ላይ ካለው ቡና ቤት ፒያዲና የሚባለውን ቂጣ በልቶ፣ ስለ ካርቡራተር ተጨቃጭቆ ይመለሳል። ለዚህ ልቅ ስብስብ አንድ ሕግ ብቻ አወጡለት፦ መገንጠያ የደረሰ ሰው የኋለኛው በመስተዋቱ እስኪታየው ቆሞ ይጠብቃል፤ ካልታየው ፍለጋ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ1991 በረዶ እየወረደባቸው አንዲት የተበላሸች ጉዚ ሞተር ሲጠብቁ የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ገቡ። ሲወጡም ሕጉን አላሻሻሉም።

ባለፈው እሁድ ከፊታቸው የነበሩት አባላት መገንጠያው ላይ አልቆሙም። ማን ቀድሞ አናቱ ላይ እንደሚደርስ እየተፎካከሩ ነበር። ቡና ቤቱ ደጃፍ የሚያብረቀርቁ ሞተሮቻቸውን አሰልፈው ፎቶ ሲነሱ አንዱ «ሽማግሌው የት ቀረ?» ሲል፣ ሌላው «ያቺ ላቬርዳ ሞተሩ አኩርፋበት ይሆናላ! ይሄኔ ቤቱ ገብቶ ፓስታውን እየጠቀለለ ነው» አለ። ተሳቀ። የተመለሰ ግን የለም።

አቶ ኦሪያኖ ከመገንጠያው በታች ካለው ኩርባ ላይ ከመንገዱ ወጥተው ገደሉ ሥር ወድቀው ነበር። ያገኟቸው እንጉዳይ ለቀማ የወጡት ወ/ሮ ዮላንዳ ናቸው። ሸለቆው ስልክ አይሠራበትምና ወደ መንደር ሊሮጡ ሲነሡ፣ «አትድከሚ እቴ፤ መገንጠያው ላይ ሲያጡኝ አሁን ይመለሳሉ» አሏቸው። ሴትዮዋም አምነዋቸው አብረዋቸው ጠበቁ። የሚመጣ ሲጠፋ ሄዱ። አምቡላንሱ የደረሰው ነፍሳቸው ካለፈች በኋላ ነው። ሐኪሙ፣ ቀደም ብሎ ቢደረስላቸው ደማቸውን ማቆም ይቻል እንደነበር ነግሮናል።

ስለዚህ ይህ ማኅበር «በድንገተኛ አደጋ» ብሎ አይጽፍም። መውደቃቸው ድንገተኛ ነው፤ ብቻቸውን መተዋቸው ግን አይደለም። አንድ ሕግ ነበረን፤ እሱንም በላነው።

ማኅበሩ ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ኒቬስ፣ ለልጆቻቸውና ለእቶን ቤት የሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን ይመኛል። ለወ/ሮ ዮላንዳም ምስጋናውን ያቀርባል፤ እሳቸው ጠብቀዋቸዋል።

የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት ቅዳሜ በሳን ቶሜ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። አንዳንድ አባላት አስከሬኑን ተከትለው በክብር ሞተራቸውን ሊያስጮኹ ፈቃድ ጠይቀው ነበር። ወ/ሮ ኒቬስ የመለሱላቸው እንዲህ ነው፦ «ጩኸታችሁን ለራሳችሁ ያዙት። ደግሞም አትከተሉት፤ መቅደም ትወዱ የለ? ቅደሙት። እሱ ከኋላ ይመጣል።»

በዚሁ መሠረት ቅዳሜ ሁሉም አባል ቀድሞ ተነሥቶ፣ አስከሬኑ በሚያልፍበት በዚያው መገንጠያ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ይቆማል። አቶ ኦሪያኖ በመስተዋቱ እስኪታዩት ድረስ ማንም አይንቀሳቀስም።