የአቦይ አውሬ ከሌን ለበሰ

የልጆቼ አባት፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ደህና ነን። ዛሬ የምነግርህ ነገር አላስቀምጥ ስላለኝ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ነው የምጽፍልህ፤ ጣቴ ሁሉ የዱቄት ሙጫ ነው።

ጣሊያን ጥሎት የሄደው የሥዕል መጽሐፍ ትዝ ይልሃል? ድሮ ኖሮ የጠፋውን፣ ጀርባው እሾሃም የሆነውን አውሬ ለልጆቹ ስታሳያቸው፣ በሕልማቸው ታስደነግጣቸዋለህ ብዬ ስቆጣህ፣ አንተ ጭራሽ እየተንጎራደድክ ታገሳ ነበር። ስሙ ዲኖሳውሮ ነው አልካቸው። እነሱ ግን የአቦይ አውሬ ይሉታል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አባቱን አቦይ ሲል ሰምተው አንተንም እንዲያው እንዳሉህ ቀሩ።

ከሌን አላወለቅኩም ነበር። በሙት ዓመትህ ዘመድ ተሰብስቦ ጥቁሩን አውልቂ፣ ለልጆቹ ደግ አይደለም ቢለኝ አሻፈረኝ አልኩ። ካወለቅኩት የከዳሁህ መሰለኝ። ቤታችንም ድምፁ ጠፋ።

ዛሬ ከሰኞ ገበያ ስመለስ ልጆችህ ለተብርሃንና ኪሮስ ግቢውን ገልብጠውታል። ጆንያ ቀደው የአቦይን አውሬ ልብስ አድርገውታል፤ ጭራውን ጭድ ጠቅጥቀው በወስፌ ሰፍተውታል። ኪሮስ ጭንቅላቱ ጆንያው ውስጥ ቀርቶ መውጫውን ይፈልጋል። ጀርባው ላይ በሙጫ ቀጥ ያለ ጥቁር እሾህ ተደርድሯል። ጠጋ ብዬ ባየው፣ አጥቤ ያሰጣሁት ነጠላዬ፣ ከል የተነከረው! ለተብርሃን መቀሱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ዘመዶቹ ሁሉ ይውለቅ ሲሉ ስለሰማች፣ ከገመድ ላይ ስታየው የተጣለ መስሏታል።

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ አውሬው እየተደናበረ ሄዶ ከዶሮ ቆጡ ጋር ተላተመና ዶሮዎቹን በተናቸው። ከዚያም ልክ እንዳንተ አገሳ። ሳቄ አመለጠኝ፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ኪሮስ ጆንያው ውስጥ እንዳለ እህቱን ጠየቃት።

«ይቺ የምትስቀው ማን ናት?»

የገዛ ልጄ ሳቄን አያውቀውም። መቀሱን ከለተብርሃን ተቀብዬ የቀረውን ነጠላ ራሴ ቆራረጥኩት፤ እስከ ጭራው ጫፍ የሚበቃ እሾህ ወጣው። ሙጫውንም አብሬያቸው ቀባሁ። ነገ እስከ እንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሰፈሩን ሊያስፈራሩ ነው፤ እኔም ነጭ ለብሼ እከተላቸዋለሁ።

አልከዳሁህም። ኪሮስ ባገሳ ቁጥር ከማን እንደወረሰው እነግረዋለሁ፤ ከእንግዲህ የማስብህ እንዲህ ነው። ሳቄንም ደጋግሞ እንዲሰማው አደርጋለሁ፣ ዳግም ማን ናት ብሎ እንዳይጠይቅ።

የልጆችህ እናት